ወንዙን የሚያይ ሰው

«አንድ ግንበኛ ነበረ» አሉ መምህሩ፣ ሌላ ቃል ሳያስቀድሙ።

ደርበው ቀና ብሎ አያቸው። ለጥያቄው ቁርጥ ያለ መልስ ሲጠብቅ ታሪክ ሊመጣበት ነው። ደርበው አናጺ ነው። መጋዝ አያያዝ ያስተማሩት እኚሁ መምህር ናቸው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ከሰዓት በኋላ ከሙያ ትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ፣ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ የድሮ ተማሪዎቻቸው ነገር ሲከብዳቸው ወደዚያ ይሄዳሉ። ደርበው ላይ ነገሩን ያከበደው አሠሪው ነው። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የአንድ ሙሉ ሕንፃ ሥራ ኃላፊ አድርጎታል። ጓደኞቹ እንኳን ደስ አለህ ይሉታል። እሱ ግን ምግብ አልዋጥ ብሎታል።

«መምህር፣ እስከ ዛሬ የኖርኩት በእጄ ነው» ብሎ ነበር የጠየቃቸው። «በር ስሠራ በሩ ይመሰክርልኛል። ከሰኞ ጀምሮ ግን ቆሜ ሌላ ሰው ሲሠራ ላይ ነው። በእጄ ምንም ሳልነካ ውዬ ማታ ቤቴ ምን ብዬ እገባለሁ? ሠርቼ መጣሁ ልበል?»

መልሱ ግንበኛው ነበር።

«እኔ እኮ አናጺ ነኝ» አለ ደርበው።

«አውቃለሁ። ስለ አናጺ ባወራ በየመሀሉ እያረምክ አታስጨርሰኝም። ዝም ብለህ ስማ።»

መምህሩ ቀጠሉ።

ይህ ግንበኛ ከሥር የተነሳ ሰው ነው። መጀመሪያ ለሌሎች ግንበኞች የሲሚንቶ ጭቃ ያቀብል ነበር። ቆይቶ ብሎኬት መደርደር ጀመረ። ከዚያ ማዕዘን ያዘ። ማዕዘን መያዝ በግንበኞች ዘንድ ትልቅ ነገር ነው። ግድግዳ ሲነሳ አስቀድሞ ግራና ቀኝ ያሉት ማዕዘኖች ይቆማሉ፤ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው ሲባጎ ይወጠራል፤ ሌላው ሠራተኛ ሲባጎውን እየተከተለ መሀሉን ይሞላል። ማዕዘኑ ከዘመመ ሲባጎው ይሳሳታል። ሲባጎው ከተሳሳተ ግድግዳው በሙሉ አብሮ ይሳሳታል። ስለዚህ ማዕዘን የሚሰጠው ለተመሰከረለት ሰው ነው። እሱ ሲመጣ ሌሎቹ ቦታ ይለቁለታል። ግንበኛውም ለብዙ ዓመት በዚያ አገር የማዕዘን ሰው ነበር። እሱ ያቆመውን ማዕዘን በቱንቢ የሚለካ ሰው ሥራ የፈታ ነው ይባል ነበር።

በማታ ትምህርት ፕላን ማንበብ ተማረ። ፎርማን ሆነ። ጠባዩም ሥራውም ደግ ነበርና አንድ ተቋራጭ አየው።

ተቋራጩ በዚያን ጊዜ አንድ ሥራ ወስዶ ነበር። ከወንዝ ማዶ ባለች ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ አለ፤ የማዋለጃ ክፍል ግን የለውም። ምጥ የጠናባት ሴት ወንዙን ተሻግራ ወደ ሆስፒታል ትወሰዳለች። በበጋ ወንዙ ልጅ በእግሩ የሚሻገረው ነው። በክረምት መኪናም አይደፍረው። ሥራው የማዋለጃ ክፍል ያለበት አዲስ ሕንፃ ነው፤ ከክረምቱ በፊትም ጣራ መልበስ አለበት። ቆርቆሮውና እንጨቱ ወንዙ ሳይሞላ ካልተሻገረ ሥራው እስከ መስከረም ይቆማል፤ የከተማዋ ሴቶችም ሌላ ክረምት እንደዚያው ያልፋቸዋል።

«ከመሠረቱ እስከ ጣራው ኃላፊው አንተ ነህ» አለው ተቋራጩ።

ግንበኛው አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። ከጥቂት ክረምት በፊት ሚስቱ በምጥ ላይ ሳለች እዚያ ወንዝ ዳር ነው የቀረችው። ልጅቷ ተርፋለች። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ ሲናገር የሰማው የለም፤ እኛም አንጨምርም። ሥራውን ተቀበለ። ልጁንና እናቱን ይዞ በዚያችው ከተማ ቤት ተከራየ።

መሠረቱ ወጣ፣ ብሎኬቱ መጣ፣ ግንበኞች ተቀጠሩ። ማዕዘን የሚያዝበት ቀን ሲደርስ አዲሱ ኃላፊ እጁን መሰብሰብ አቃተው። «ለዛሬ ብቻ» ብሎ ጭቃ የሚያነሳበትን ማንካ ከቦርሳው አወጣ። በማግስቱም ለዛሬ ብቻ ነበር። በሳምንቱም ለዛሬ ብቻ ነበር።

ተቋራጩ ለኃላፊው የቆርቆሮ ቢሮ አሠርቶለታል። ጠረጴዛ አለው፣ ወንበር አለው፣ ፕላኑም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ግንበኛው ግን አይገባበትም። ባዶ ወንበር ያየች የዘበኛው ዶሮ ገብታ እንቁላሏን ታቀፈች። ሰው ኃላፊውን ፈልጎ ሲመጣ ዘበኛው፣ «ቢሮ ያለችው እሷ ናት፤ እሱ እዚያ ግድግዳው ላይ ነው» ይላል። ሠራተኞቹ «ኢንጂነር» ብለው ሲጠሩት ዞሮ ከኋላው ማን እንዳለ ያያል። ከዚያ ወዲያ ፎርማን ማለቱ ይሻላል ብለው ተዉት።

ከግንበኞቹ መሀል አንድ ጎልማሳ ነበረ። እጁ ፈጣን ነው፤ ወሬው ከእጁ ይፈጥናል። ግንቡ ግን ይዘማል። ዘመመ ሲሉት፣ «ግድ የለም፣ ልስን ይሸፍነዋል» ይላል። ሠራተኛው እናቱ ያወጣችለትን ስም ትቶ «ልስን» ይለው ጀመር። እሱም ቅር ሳይለው አቤት ይላል።

በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ሲበሉ ግንበኛው ወደ ልስን ግድግዳ ይሄዳል። ቱንቢ ይጥላል። ግድግዳው ጣት በሚያህል ዘሟል። ያፈርሰዋል። ራሱ መልሶ ይገነባዋል። ልስን ከምሳ ሲመለስ ግድግዳው ቀንቶ ይጠብቀዋል።

«ኧረ እኔስ እየጎበዝኩ ነው» ይላል ልስን፣ ግድግዳውን እየዳበሰ።

ነገሩ በልስን አልቆመም። ጥሩ የሚሠሩትም ሥራቸው በፀጉር ስፋት ስህተት ሲፈርስባቸው ቅር አላቸው። ቅር ሲላቸው ላላ አሉ። የመስኮት ጎን ላይ ሲደርሱ፣ «ይቺን ለፎርማን ተዋት፣ ለማንኛውም ያፈርሳታል» ይባባሉ ጀመር። እሱም ይመጣና ይሠራዋል። ከሁሉ ቀድሞ ይገባል፣ ከሁሉ ኋላ ይወጣል። ከሁሉ በላይ ይደክማል። ሕንፃው ግን ከሌላው ሕንፃ ይልቅ ቀስ ብሎ ያድጋል።

የማዋለጃውን ክፍል ደግሞ ማንም እንዳይነካው ብሎ አዘዘ። ሌሎቹ ክፍሎች ሲነሱ ያ ክፍል በመሠረቱ ቁመት ቀረ። በእጄ እሠራዋለሁ ብሎ ነበር፤ ከሌላው ጥገና ጊዜ ሲያገኝ።

አሸዋና ድንጋይ በባሬላ የሚያመላልሱ ሴቶች ነበሩ። ባሬላ የሁለት ሰው ሸክም ነው፤ አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ። የሴቶቹ አለቃ ጠና ያለች ሴት ናት፤ ሁሉም እታባ ይላታል። እጇ ባሬላውን ይይዛል፣ ምላሷ ነፃ ነው።

«ፎርማን» አለችው አንድ ቀን፣ ከጓደኛዋ ጋር አሸዋ እንደተሸከመች። «እኛንም አንዳንዴ ሥራ አስነካን እንጂ። አንተ ስትሠራ ቆመን በማየት እግራችን አለቀ።»

«እታባ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

«ልሠራ ነው የመጣሁት። አሸዋው የት ይፍሰስ?»

«ቆይ፣ ይቺን ላስተካክል።»

አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ብሎኬቷን ያያል። መታ ያደርጋታል። ደግሞ ያያል። እታባ ቆመች።

«እታባ፣ ክንዴ ተገነጠለ» አለች ከኋላ ያለችው።

«ቻይው። ብሎኬቷ ገና አልተኛችም።»

መቻል ሲያቅታቸው አሸዋውን በቆሙበት አፈሰሱት። የቆሙት የግቢው በር ላይ ነበር። የመወጣጫ እንጨት የጫነ መኪና መጣና በአሸዋው ምክንያት መግባት አቅቶት ግማሽ ቀን ቆመ። ከዚያ ወዲህ «ቆይ፣ ይቺን ላስተካክል» የሥራ ቦታው ቀልድ ሆነ። ምሳ ደርሷል ሲባል ልስን፣ «ቆይ፣ ይቺን ላስተካክል» ይልና እንጀራውን ጠቅልሎ ይጎርሳል። ግንበኛው ይሰማል። ስለሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስለዋል።

አንድ ጠዋት ሲመጣ ግንበኞቹ ብሎኬት ላይ ተቀምጠው በጠጠር ይጫወታሉ።

«ምነው?»

«ሲሚንቶ የለም» አሉት።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

እርስ በርስ ተያዩ።

«ዘበኛው ነግሮሃል» አለ ልስን። «እታባ ነግራሃለች። እኔም ነግሬሃለሁ።»

«እኔ ምን አልኳችሁ?»

 ከእታባ ኋላ ባሬላ የምትይዘው ሴት በቀስታ፣ «ቆይ፣ ይቺን ላስተካክል» አለች።

ሳቁ። ዘበኛው ከበሩ ሆኖ ሳቀ። ግንበኛው እንደማይስቅ ሲያዩ አንድ በአንድ አቆሙ።

«የጣራው ቆርቆሮ ተልኳል? እንጨቱስ?» ብሎ ጠየቀ።

ማንን እንደጠየቀ ራሱም አላወቀም። ሠራተኞቹ አዩት። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ነበር።

ወጥቶ ወደ ወንዙ ወረደ። ውኃው ድንጋዮቹን እየላሰ ጥርት ብሎ ይወርዳል። ራቅ ብሎ ያለው ተራራ ግን ጥቁር ደመና ደርቧል። አህዮቹን የሚያሻግር አንድ ነጋዴ ነበረ።

«ላይ አገር ዘንቧል» አለው ነጋዴው። «እኔ ዛሬ ተሻግሬ በዚህ አልመለስም፤ ዙሪያውን ነው የምሄደው።»

«ስንት ቀን ይሰጠናል?»

«እሱን ወንዙን ጠይቀው» ብሎ አህዮቹን ነዳ።

ግንበኛው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቦታውን ያውቀዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እዚያ ቁጭ ብሎ አያውቅም። ሁልጊዜ አንገቱን አቀርቅሮ ነበር የሚያልፈው። አሁን ቀና ብሎ ወንዙን አየው፣ ማዶውን አየው፣ ደመናውን አየው። ያን ቀን የጎደለውን ነገር አሰበ። ያን ቀን የጎደለው የቀና ግድግዳ አልነበረም። ምጡ ከመምጣቱ በፊት ወንዙን ያየ ሰው ነው የጎደለው። መኪና በጊዜ ቢመጣ፣ አንድ ሰው ቀደም ብሎ ቢያስብ፣ ሌላ ነገር ይሆን ነበር። እሱም በዚያን ጊዜ ሌላ ቦታ ማዕዘን ይዞ ነበር። እንደ ዛሬው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ።

ፊቱን ታጥቦ ተነሳና ተመለሰ።

ልስንን ጠራው። ማንካውን አጥቦ፣ ከቱንቢውና ከሲባጎው ጋር በእጁ አስጨበጠው።

«ማዕዘን ያዝ።»

«የቱን?»

«የማዋለጃውን።»

ልስን ዞሮ ከኋላው ማን እንዳለ አየ።

እዚህ ላይ ደርበው አቋረጣቸው። «መምህር፣ ለምን ለልስን? ሌላ ደህና ግንበኛ አልነበረም?»

«ነበሩ። እነሱ ሌሎቹን ክፍሎች ይዘዋል። የቀሩት አንድ ክፍልና ልስን ነበሩ። ሥራ ኃላፊ ስትሆን የምትፈልገው ሰው አይደለም የሚደርስህ፤ ያለው ሰው ነው። ልቀጥል?»

ደርበው ራሱን ነቀነቀ።

«ፎርማን፣ ቀልዱ ይቅር» አለ ልስን።

«አልቀለድኩም።»

«ቢዘምስ?»

«ታየዋለህ።»

«አንተስ አታየውም?»

«እኔ ማዶ ነኝ። ሲሚንቶው እስኪመጣ መሬቱን ጥረግ፣ ሲባጎህን ወጥር። ማንም አያፈርስብህም። ማንም አያቃናልህም።»

ይህን ብሎ ሄደ። አንገቱ ዙር ዙር እያለ ታገለው። አልዞረም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ግንበኛው በእግሩና በስልክ ሠራ። ተቋራጩን አገኘ። ከከተማ ሲሚንቶ አስጫነ። ሲሚንቶ ሲያዝ ሻጩ ስንት ከረጢት ብሎ ጠየቀው። ግንበኛው ለአፍታ አሰበና ተናገረ፤ ግድግዳ ምን ያህል እንደሚበላ ክንዱ ያውቀዋል። አናጺው የጣራ እንጨቱን ለማዘጋጀት ምን ያህል ቀን እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ከአናጺዎች ጋር ኖሯል። የመስኮት ብረቱ ግድግዳው ሳያልቅ መድረስ እንዳለበት ያውቃል፤ በዘገየ ብረት ምክንያት ስንት ግድግዳ ሲያፈርስ ኖሯል። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህ ሁሉ ዕውቀት ለግድግዳ ብቻ የሚሆን ይመስለው ነበር። ለካስ ሲሚንቶም ያመጣል፣ መኪናም ያስነሳል።

የቆርቆሮውን መኪና ሾፌር ለማሳመን ግን ዕውቀት ብቻ አልበቃም።

«ወንዙ ሊሞላ ነው» አለ ሾፌሩ። «እዚያ ተሻግሬ ክረምቱን ሙሉ ከናንተ ጋር ልክረም?»

«ዛሬ ጠዋት አይቼዋለሁ። ከጉልበት በታች ነው።»

«ነገስ?»

«ለነገ አልለመንኩህም። አሁን እንነሳ ነው የምልህ። እኔ ፊት ፊት በእግሬ እሻገራለሁ፤ እኔ የረገጥኩበትን ትረግጣለህ።»

ሾፌሩ አየው። «ፎርማን ነህ ወይስ ዋናተኛ?»

«ዘንድሮ ሁለቱንም ነኝ።»

ሾፌሩ ሳቀና ቁልፉን አነሳ።

ከዚያ በፊት ግን ሲሚንቶው በደረሰ በማግስቱ የሆነውን ልንገርህ። ግንበኛው ለእንጨቱ ጉዳይ ማዶ ውሎ ሲመለስ ከሩቅ የመዶሻ ድምፅ ሰማ። ልስን የማዋለጃውን ማዕዘን እያፈረሰ ነው። ግንበኛው ሮጠ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ዘሟል» አለ ልስን። ላቡን በክንዱ ጠረገ። ቀልድ ፊቱ ላይ የለም።

«ማን ዘሟል አለህ?»

«ማን ይለኛል? የሚለኝ ሰው ማዶ ሄዷል። እኔው ነኝ ያየሁት።»

«እውነቱን ነው» አለች እታባ። «ጠዋቱን ሙሉ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ዋለ። እኔን የሚጠቅስ መስሎኝ አፍሬ ነበር።»

ግንበኛው የፈረሰውን አየ። ትንሽ ነው የዘመመው። እሱ ራሱ በምሳ ሰዓት ሲያፈርስ ከኖረው ያነሰ ነው። እጁ ወደ ብሎኬቱ ተነሳ። ሁለቱንም እጆቹን ወደ ኋላው ወሰደና አንዱን በአንዱ ያዘው። ላግዝህ ሊል የተከፈተ አፉን ዘጋ።

«የመስኮቱ ብረት ነገ ይደርሳል» አለ። «ከነገ ወዲያ ትደርስለታለህ?»

ልስን ማዕዘኑን አየ፣ ሲባጎውን አየ። «እደርስለታለሁ» አለ። ወዲያው ጎንበስ ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግንበኛው እጆቹን ከኋላው አስሮ ነበር በሥራው መሀል የሚዞረው። እታባ አይታ፣ «ፎርማን ራሱን አስሮ ነው የሚሄደው፣ ማን ከሰሰው?» አለች። ዶሮዋ ጫጩቶቿን ፈልፍላ ከወንበሩ ወረደች፤ እሱ ጠራርጎ ተቀመጠበት። ጥሩዎቹ ግንበኞች ሥራቸው በዋለበት ሲያድር አዩና እጃቸው ተመለሰ። እስቲ ያንተን ያንተን እየተባባሉ በየማዕዘናቸው ቱንቢ መጣል ጀመሩ። ቆርቆሮው ተሻገረ። ሾፌሩም ተመለሰ፤ ወንዙ ጎማውን እስከ ግማሹ አርሶ ለቀቀው።

በማግስቱ ወንዙ ሞላ።

የመጨረሻው ቆርቆሮ ሲመታ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። አናጺዎቹ ላይ ሆነው ሲረጥቡ፣ ሴቶቹ ታች ሆነው ደረቅ መሬት ላይ ቆመው ይስቁባቸዋል። ክፍሉ ገና በር አልነበረውም፣ ልስኑም አላለቀም። ጣራ ግን ነበረው።

ዝናቡ በበረታበት በአንዱ ቀን አንድ ገበሬ ሚስቱን በቃሬዛ አስይዞ መጣ። ከዘመዶቹ ጋር እስከ ወንዙ ወርደው ነበር፤ መሻገር እንደማይቻል ሲያዩ ተመለሱ። ሰው፣ እዚያ አዲስ ቤት አለ ብሎ ላካቸው። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ አስገባቻት። በር በሌለበት በር ላይ አንሶላ ተጋረደ። ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ከጣራው ጠርዝ ሥር ተደረደሩ። ማንም አልቀለደም። ግንበኛው ራቅ ብሎ ዝናቡ ውስጥ ቆመ። ግባ ቢሉት አልገባም።

የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ከዚያ የእናቲቱ ድምፅ ተሰማ፤ ውኃ ስጡኝ ትላለች። ግንበኛው የሰማው ይህንን ሁለተኛውን ነው። ያን ጊዜ ገባና ከሌሎቹ ጋር ቆመ።

ገበሬው አንሶላውን ገልጦ ወጣ። ጋቢው ተጣብቆበታል፣ ፊቱ በርቷል።

«ይህን ቤት የሠራው ማነው?» አለ። «ልመርቀው።»

«ማዕዘኑ የዚህ ነው» አለ ግንበኛው፣ ልስንን ወደ ፊት እየገፋ። «አሸዋውንና ድንጋዩን ያመላለሱት እነዚህ ናቸው። ጣራውን እነዚያ መቱት።»

ገበሬው አንድ በአንድ መረቃቸው። እታባ ጮክ ብላ አሜን አለች። ልስን መሬት መሬት አየ።

«አንተስ?» አለው ገበሬው።

ግንበኛው አሰበ። ከዚያ ክፍል ውስጥ በእጁ ያስቀመጠው ብሎኬት ፈለገ። አንድም የለም።

«እኔ ወንዙን አይ ነበር» አለ።

«ወንዙን?»

«ወንዙን።»

ገበሬው የሚቀልድበት መስሎት ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። የሚስቅ አላገኘም። ከዚያ ወደ ታች ወደ ወንዙ አየ። ወንዙ ግንድ እያንከባለለ፣ እያጓራ ይወርዳል። ገበሬው ብዙ ጊዜ አየው። ሲዞር ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ ዝናብ ነው እንዳንል ጣራ ሥር ነው።

«ዓይንህን ያብራልህ» አለው። ከምርቃቱ ሁሉ ያጠረው ይህ ነበር።

ግንበኛው በዚያ ቀን ቤቱ ሲገባ ልጁ እንደ ወትሮዋ ወደ በሩ ሮጠች። ወትሮ፣ «ቆይ፣ እጄን ልታጠብ፣ ሲሚንቶ ይነካሻል» ይላት ነበር። እሷም ጣሳውን ይዛ አጠገቡ ትቆማለች። ያን ቀን ጣሳውን ልታነሳ ስትል እጆቹን አየች። ንጹሕ ናቸው። ጣሳውን ትታ እጇን ዘረጋችለት። አነሳት።

መምህሩ እዚህ ላይ ታሪኩን አቆሙ። ደርበው የሚቀጥሉ መስሎት ጠበቀ።

«አለቀ?»

«የግንበኛው አለቀ። አሁን ያንተ ነው።» ወደ ደርበው ዞረው ተቀመጡ። «ደርበው፣ ያ ግንበኛ አንተ ነህ። ሰኞ በምትገባበት ሕንፃ ውስጥ ሁሉም ሰው ዓይኑ እጁ ላይ ነው። መሆንም አለበት። በር የሚሠራ ሰው በሩን ካላየ በር የለም። ታዲያ ወንዙን ማን ያይላቸዋል? አንተን የሾሙህ ለዚያ ነው። ወንዝ የምልህ ገና ያልመጣውን ነገር ነው፤ ያላለቀውን ሲሚንቶ፣ ያልደረሰውን ብረት፣ ነገ የሚዘንበውን ዝናብ። መጋዝህን ስታስቀምጥ ሙያህን የምትጥል እንዳይመስልህ። እንጨት መቼ እንደሚደርቅና በር መቼ እንደሚገጠም የማያውቅ ሰው ወንዙን ቢያየው ምን ሊጠቅም? አንተ ግን ታውቃለህ። ዕውቀትህን ከእጅህ ወደ ዓይንህ ታወጣዋለህ እንጂ አትጥለውም።»

«የሰው ሥራ ተጣሞ እያየሁስ? ዝም ልበል?»

«ንገረው። አሳየው። ከእጁ ግን አትቀማው። ብትቀማው በሩ ይቀናል፣ ሰውየው እንደተጣመመ ይቀራል፤ ወንዙም ጀርባህን እንደሰጠኸው ይሞላል።»

ደርበው መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። «እጄን ቢበላኝስ?»

«ይበላሃል። ከኋላህ እሰረው። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ለእኔ ወንበር ሥራልኝ፤ ይኼ ድንጋይ ጎኔን ጨርሶታል።» መምህሩ ሳቁ፤ ደርበውም ሳቀ። ከዚያ ሽማግሌው እጃቸውን ትከሻው ላይ አኖሩ። «ማታ ምን ብዬ እገባለሁ ብለኸኝ ነበር። በሥርህ ካሉት ሰዎች መካከል የሚሠራበት ነገር አጥቶ የዋለ ከሌለ፣ ሥራውን የተቀማም ከሌለ፣ ሠርቼ መጣሁ ብለህ ግባ። ዋሽተህ አይደለም።»